አውቶቡሷን የሚያጅበው ኮሮላ

ይሄ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ውሸት ካለበት በጥር በረዶ ባትሪዬ ይሙት፣ በሐምሌ ሙቀት ጎማዬ ይፈንዳ። ያላመነ ሰው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ መጥቶ ይጠይቅ። ባልና ሚስቱ አሉ፤ ኮሮላዋም አለች፤ የቀኝ በሯ እስከ ዛሬ አይከፈትም።

እንዳልክ ሚስቱን ሠርካዲስን በየጠዋቱ ከኦሮራ እንግልውድ፣ አረጋውያን እስከምትንከባከብበት ቤት ድረስ ያደርሳት ነበር። ያደርሳት ነበር ስል ግን እሷ አውቶቡስ ውስጥ ናት፤ እሱ ከአውቶቡሱ ኋላ በኮሮላው ነው። አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማል፣ ሲነሳ ይነሳል። የኮልፋክስን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር እንዲያ ይዘልቁታል፤ ዴንቨር መሐል እሷ ወርዳ ሌላ አውቶቡስ ትይዛለች፣ እሱም ሌላውን ተከትሎ በብሮድዌይ ጎዳና ቁልቁል ይወርዳል። የመኪናው ማሞቂያ እየሠራ፣ የፊት ወንበሩ ባዶውን እየሞቀ፣ ሚስቱ ከፊቱ በመስታወት ውስጥ። ሹፌሮቹ ለምደውት ነበር። አንዱማ መንገድ ሲቀይር አስቀድሞ በእጁ ምልክት ይሰጠው ነበር ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ አራት፣ ሐምሌ ላይ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ፣ ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ሙቀት ስለነበር መስታወቱ ወርዷል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የሳበ ጎረምሳ ሽጉጥ ይዞ በሠርካዲስ በኩል መጣ። እንዳልክ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ አንስቶ አያውቅም። ጎረምሳው ስልኳን አላየም፤ ያየው የቃል ኪዳን ቀለበቷን ነው። ቀለበቱ ደግሞ እምቢ አለ። ሠርካዲስ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ እያጠማዘዘች፣ ቀስ አድርጋ አወጣችውና ሰጠችው። ይሄ ሁሉ ሲሆን የእንዳልክ እጆች ከመኪናው ኮርኒስ ጋር ተጣብቀው ነበር።

እሷ በሳምንቱ ረሳችው። «ወርቅ ነው የሄደው፤ እኛ አለን» አለች። እሱ ግን ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሚታየው ጎረምሳው አይደለም፣ ሽጉጡም አይደለም፤ ያ በምራቅ የራሰ ጣት ነው። እናም አንድ ቀን ሄዶ ሽጉጥ ገዛ።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ሠርካዲስ።

«መከላከያ።»

«ከምን?»

«ከዚያ ቀን።»

«ያ ቀን አልፏል እንዳልኬ። ያለፈ ቀን በጥይት አይመታም። ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም፤ እሱ ያለበት መኪና ውስጥ ደግሞ እኔ አልገባም።» ማርያምን ብላ ማለችበት። ሠርካዲስ ከማለች ማለች ነው።

እንዳልክ ጭንቀቱን ለጓደኛው ለሱሩር አዋየው። ሱሩር የታክሲ ሹፌር ነው፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ የማያነበው ነገር የለም።

«ስማኝ ወንድሜ» አለው፤ «ኮሎራዶ ውስጥ በገዛ መኪናህ ስትሄድ፣ ራስህን ለመጠበቅ ሽጉጥ ብትይዝ ፈቃድ አምጣ የሚልህ የለም። ጥይት ጎርሶም ቢሆን። በልብስህ ደብቀህ ከመኪናው ከወረድክ ግን ያኔ ፈቃድ ያስፈልግሃል።»

«እንዴ፣ መኪናው ውስጥ ጨዋ፣ መሬት ሲረግጥ ወንጀለኛ?»

«ልክ እንዳንተ ነዋ! አንተስ አንበሳ የምትሆነው መሪ ስትጨብጥ ብቻ አይደል?»

«ተው እንጂ ሱሩር፣ የምሬን ነው።»

«የምርህን ከሆነ ፈቃዱን አውጣዋ።»

ፈቃድ ሲባል ኮርስ አለው፣ አሻራ አለው። እንዳልክ ደግሞ ዜግነቱን እየጠበቀ ነው፤ ስሙ ሌላ ቦታ እንዲነሳ አልፈለገም። ስለዚህ ሽጉጡ መኪናው ውስጥ ይኑር ተባለ። ኖረ። ብዙም ሳይቆይ አፓርትመንቱ ግቢ ውስጥ የጎረቤት መኪና መስታወት ተሰብሮ አደረ። እንዳልክ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወረደ። ያገባት ሚስቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እሱ ከመስኮቷ ሥር ኮሮላው ውስጥ፣ ሽጉጡ ከፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ። ለሚስቱ የገዛው ነገር ከሚስቱ ለየው።

የሚገናኙት በጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ እሱ ኮሜርስ ሲቲ፣ አጥርና ዘበኛ ያለው መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲጭን ይውላል፤ እሷ ስትተኛ ይመለሳል። ጠዋት ሠርካዲስ ቁርሱን በሳህን ይዛ ትወርዳለች። መኪናው ውስጥ እጇን እንኳ አታስገባም፤ መሐላ ነው። ኮፈኑ ላይ ታስቀምጥና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ትሄዳለች። ሽሮው እንዴት ያለ ትኩስ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሳህኑ ሲያርፍ የኮፈኑ በረዶ እስከ ፊት መብራቶቹ ድረስ ይቀልጥ ነበር። እንዳልክ እሷ እስክትርቅ አይበላም። ሳህኑ ላይ የጣቶቿን ቦታ ይፈልጋል። ቀለበት የነበረበት ጣት የቱ ጋ እንዳረፈ እንደሚያውቅ ይምላል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። አቶ ጣሰውና አቶ አባይነህ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው ኮሮላው አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ግቡ እንጂ፣ ይበርዳችኋል» አለ እንዳልክ መስታወቱን አውርዶ።

«አንገባም!» አሉ አቶ ጣሰው። «ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።»

«መኪና ውስጥ ቆሞ መለመን ደግሞ አይቻልም።»

«እኮ! ለዚህ ነው አንገባም ያልነው። ውረድና አናግረን።»

«መውረድ አልችልም ጋሼ። ይዤው ብወርድ ሕግ አለ፣ ትቼው ብወርድ ሌባ አለ።»

አቶ አባይነህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዓይናቸው ከሞቀው ወንበር ላይ አልተነሳም። «ጣሰው፣ እንዲያው ለትንሽ ጊዜ ብንቀመጥ...»

«አባይነህ! ሽማግሌ ነህ ወይስ ተሳፋሪ?»

እንዲህ ጎንበስ ቀና ሲሉ አንድ ጎረቤት በመስኮት አየና ፖሊስ ጠራ። ምን ያድርግ፣ ነጭ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ መኪና ከበው ውስጡ ላለው ሰው ሲሰግዱ ነው ያየው። ፖሊሱ መጣ። እንዳልክ እጆቹን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ ሽጉጥ እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ለምን እንደያዘው ሁሉንም ተናገረ። ፖሊሱ ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ «መኪናህ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ደብቀህ ይዘኸው ከወረድክ ግን ፈቃድ ያስፈልግሃል» አለው።

«ሰማችሁ?» አለ እንዳልክ። «ሕጉ ከኔ ጋር ነው!»

«ሕጉ ካንተ ጋር ነው» አሉ አቶ ጣሰው፤ «ሚስትህ ግን ካንተ ጋር አይደለችም።»

ፖሊሱ ሊሄድ ሲል አዛውንቶቹን አየና አዘነላቸው። በሩን ራሱ ከፍቶ፣ እባካችሁ ተቀመጡ፣ ይበርዳል አላቸው። አቶ አባይነህ ጊዜ አላጠፉም። «ይኸው፣ መንግሥት ራሱ ተቀመጡ አለ!» ብለው ፊት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

ሠርካዲስ ያን ጊዜ ከላይ በመስኮት ታያለች። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት እሺ ተባለ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አይታወቅም። በነጠላ ጫማ፣ በረዶው ላይ፣ ካፖርት የለ፣ ምን የለ። እንዳልክ እንዲያ እየሳቀች ስትሮጥ ያያት ድሮ፣ ከመጋባታቸው በፊት ነው። መስታወቱ ጋ ደርሳ እያለከለከች፣

«እሺ አለ?» አለች።

አቶ አባይነህ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። አቶ ጣሰው መሬት አዩ። ሠርካዲስ መሳቢያውን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት አጥቶ ትንሽ ቆየ። «ቀለበቴን ያ ልጅ ወሰደው» አለች ቀስ ብላ። «አንተን ግን ይሄ ነገር ወሰደብኝ።» ተመልሳ ወጣች። በረዶው ላይ የነጠላ ጫማዋ ዱካ ቀረ፤ ሲመጣ የሰፋ፣ ሲመለስ የጠበበ። እንዳልክ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ዱካውን ሲያየው ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ሳህን መምጣቱ ቀረ። አጀቡ ግን አልቀረም። እሷ አውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ሌላ ወንበር እያለ። እንዳልክ ይቺን ነገር ብቻ ይዞ ነው የሚያድረው። ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች፣ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ።

አንድ ጠዋት ብሮድዌይ ላይ በረዶ ሲጥል አውቶቡሱ አጉረመረመና ቆመ። ሹፌሩ ሰዉን አወረደ፤ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል ተባለ። ሌላው ሰው በረንዳ ፍለጋ ሮጠ። ሠርካዲስ ፌርማታው ላይ ቀረች። እንዳልክ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፣ መስታወቱን አወረደ።

«ግቢ፣ ሠርኬ።»

«አለ?»

«አለ።»

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። በረዶው ነጠላዋ ላይ መከመር ጀመረ። የመኪናው ማሞቂያ ያንሾካሹካል። እጇን ስታወጣ አያት፤ ልታሞቀው በትንፋሿ እፍ ስትልበት፣ ያ ጣት እንደገና እርጥብ ሆነ። እንዳልክ እጆቹን አየ። መሪው ላይ ናቸው። ያን ቀን ኮርኒሱ ላይ ነበሩ፣ ዛሬ መሪው ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ ምንድነው?

ሞተሩን አጠፋ። መሳቢያውን ቆለፈ። ባዶ እጁን ወርዶ በሩን ቆለፈ።

«መኪናውን መንገድ ላይ ጥለህ ወዴት ነው?» አለች።

«ወዳንቺ።»

«እሱስ?»

«ሕጉ ከመኪናው አትውረድ የሚለው ሽጉጡን ነው። እኔን ማንም አትውረድ አላለኝም።»

«ይሄን ለመረዳት ክረምቱ በሙሉ አለቀ?»

«ሱሩር ነው ያሳሳተኝ።»

«ሱሩርን አትንካው!» አለች፤ ግን እየሳቀች ነው። እጇን ያዘ። ያን ጣት ለይቶ በመዳፉ ውስጥ ዘጋበት። ሁለተኛው አውቶቡስ አልመጣም። ቆሙ። በረዶው ትከሻቸውን አንድ አድርጎ ሸፈነው፤ የሚያልፉ ሰዎች አንድ ሰው መስሏቸው አለፉ። አልመጣም። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ሽሮው፣ አንገቱን ስላጣመመው ወንበር አወሩ። አውቶቡሱ ሲመጣ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የመጨረሻው ላይ። እንዳልክ ከኋላ የሚያጅበው ሰው እንዳለ ለማየት ዞር ብሎ በመስታወቱ አየ፤ ማንም የለም።

ኮሮላዋ ፌርማታ ላይ በመቆሟ ከነሽጉጧ ተጎትታ ሄዳ ነበር። ሲጎትቷት የቀኝ በሯ ተጣመመ። መኪናዋን ካስለቀቀ በኋላ ሽጉጡን ለዚያው ለገዛበት ሱቅ መልሶ ሸጠው። አሁን ሠርካዲስ በሹፌሩ በር ገብታ፣ በእንዳልክ ላይ ተሻግራ ነው ቦታዋ የምትደርሰው። በሩ ለምን አይሠራም ሲባል እንዳልክ ዕቃው አልተገኘም ይላል። ሱሩር ዕቃውን ሁለት ጊዜ አግኝቶለታል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ እውነት ነው ብያለሁ፤ ነውም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ሁለተኛው አውቶቡስ ያኔውኑ ነው የመጣው፤ እጇን በቅጡ እንኳ ሳይጨብጥ በሩ ተከፍቷል። እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ያን ያህል ተናፍቆ ወዲያው አውቶቡስ ሲመጣ አልወድም።