የጓሮው ክፍል ተከራይ

እናቴ በግብር ማስታወቂያዋ ላይ የጓሮው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተከራይቶ እንደነበር አስመዝግባለች። የክፍሉ የመብራት ቆጣሪ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን አምፖል አልበራም ይላል።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አየኋቸው። ያቻኮለኝ የእናቴ ዓይን ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ክር ከመርፌ ማስገባት ካቃታት ከርሟል። ሆስፒታሉ አቅም የሌላቸውን በነፃ ያክማል፤ እሷን ግን የኪራይ ገቢ አላት ብሎ ከዝርዝሩ ሰርዟታል። ዝርዝሩ ሰኞ ይዘጋል።

የግብር ቢሮ ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አገላብጣ፣ «ገቢውን የሚደብቅ ስንቱን አይቻለሁ፤ ያላገኘውን የሚያስመዘግብ ግን ከእናትህ በቀር አላየሁም» አለችኝ። የማስተካከያ ቅጽ ሰጠችኝ። ከቅጹ ጋር የቀድሞው ማስታወቂያ ቅጂ፣ የቆጣሪው ንባብና እናቴ የፈረመችበት ደብዳቤ መያያዝ አለበት። «ክፍሉ ውስጥ ማንም አልኖረም ብለው ይፈርሙ። ያለዚያ አይስተካከልም።»

ቤት ስመለስ እናቴን የኪራዩን ደረሰኞች ጠየቅኳት። ከስፌት መኪናው መሳቢያ አሥራ ሁለት ደረሰኝ አወጣች። ተከራይ በሚለው ቦታ የታላቅ ወንድሜ ስም አለ። የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ከወር ወር እየገዘፈ፣ ከመስመር እየወጣ ሄዷል። ወንድሜ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ከቀረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አምና አክስቴ ክፍሉን አከራዪው እያለች ስትወተውታት፣ እናቴ «ተይዟል» ብላ ገላገለቻት። ከዚያ ወዲህ የስፌቱን ገንዘብ ከአንዱ ኪሷ ወደ ሌላው እያዛወረች ስትከፍልለት ኖራለች።

«ግብሩንስ ለምን ከፈልሽ፣ እማዬ?»

«ልጄ ተደብቆ እንዲኖር ነው የምትፈልገው?»

አክስቴ ቁልፍ እየሰፋች፣ «ከሰፈሩ ተከራይ ሁሉ ሳይጨቃጨቅ የሚከፍል እሱ ብቻ ነው» አለች። እናቴ አልሳቀችም።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ወለሉ ታጥቧል፣ አልጋው ተነጥፏል፤ የወንድሜ ነጠላ ጫማ ወደ በሩ ዞሮ ተቀምጧል። በማግስቱ ስገባ ጫማው ወደ አልጋው ዞሯል። እናቴ እንደምታዞረው አውቃለሁ። ቢሆንም ሳላንኳኳ መግባቴ አሳፈረኝ፤ በሩንም የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

እሁድ ከሰዓት ደብዳቤውን አነበብኩላት። «በጓሮው ክፍል ማንም አልኖረም» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«እሱን ተወው።»

«እሱ ከሌለ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ አንብብ። ይሰማል።»

ማን እንደሚሰማ አልጠየቅኳትም። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አንቺ ሴት፣ ዓይንሽ እኮ ነው» አለች አክስቴ። «ወረቀት ላይ ተጻፈ ተብሎ ሰው አይሞትም።»

«በወረቀት አይደል ያቆየሁት?»

በጓሮ በኩል በር ሲጥ አለ።

«ነፋስ ነው» አለች አክስቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አላስገድድሽም፣ እማዬ። ባትፈርሚም እዚሁ አለሁ፤ ክሩን እኔ አስገባልሻለሁ።»

እናቴ እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች። ግንባሬን፣ ቀጥሎ አፍንጫዬን በጣቶቿ ዳሰሰች።

«አሁን አንተንም የማውቅህ በድምፅህ ነው» አለች። «የሱን ግን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ድምፁም ተለውጦ ይሆናል።» እጇን ከፊቴ አወረደች። «እስክሪብቶውን አምጣና ጣቴን መስመሩ ላይ አድርግልኝ። እፈርማለሁ። አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቢቆም፣ የገዛ ልጄን ማነህ ልለው አልፈልግም።»