የስም ማዛወሪያ

«በሬው ይታረዳል፤ ሌላ ወሬ የለም!» አለ በሺር፣ ለዱዓ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወንድሜን በንፍሮ አልሸኝም!»

ጣይባ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ባሏ ሰይድ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የተከራዩዋት አንዲት ክፍል በለቀስተኛ ታጭቃለች፤ እሷ ግን ብቻዋን ነበረች። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የሚያውቃት የለም። የሚያውቃት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አፈር ገባ።

በሬው በምን እንደሚገዛ ሁሉም ያውቃል። ሰይድ ሲታመም ከወገቡ በተፈታችው ኮሮጆ ውስጥ ሃያ ሁለት ብር ተገኝቷል። ከዚያ ሌላ ቤሳ የለም።

«ይሄን ሁሉ ብር ታጥቆ ነው እንዴ ሚስቱን ስኳር የከለከላት?» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ጣይባ ሰማች።  እሷም ይሄንኑ ብላዋለች።

ሰይድ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጥርሱ ሁሉ እየሳቀ መጣና «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቤት ገዛሁልሽ!» አላት። ያጠራቀመውን አራግፎ ዘጠና ብር ከፍሏል። አባቶቹ ቤት ሲገዙ እንዲያ ነበር፦ በእማኝ ፊት ብሩ ይቆጠራል፣ ሻጭና ገዢ ይመራረቃሉ፣ አለቀ። ወይ የዋህ! ጣልያን ከገባ ወዲህ ወረቀት የሚሉት ጣጣ መምጣቱን ማን ነግሮት። መዝገብ ቤት ሲሄድ የስም ማዛወሪያው ስላልተከፈለ ቤቱ ገና የሻጩ ነው አሉት።

ይሄን ለሚስቱ አልነገራትም። ተሳሳትኩ ማለት ሞት መስሎት! መጀመሪያ ስኳሩን አስቀረ፣ ቀጥሎ የኩራዙን ጋዝ፣ በኋላም እራቱን ራሱ ማሳነስ ጀመረ። «እርስዎ ደግሞ ስስት ጀመረዎት» አለችው አንድ ማታ። ሰይድ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አሁን አንጀቷን ይበላዋል።

በአራተኛው ቀን ቤቱን የሸጡት አቶ በላቸው ከደሴ ወርደው መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ለቀስተኛው ተጠቃቀሰ፤ ወረቀቱ በስማቸው ነው፣ ቤቱን ሊያስቀሩ ነው የመጡት ተባለ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ» አሉ በመጋረጃው በኩል። «በዚህ ቀን ይሄን ማንሳቴ ነውር ነው፤ ግን ቀጠሮው አርብ ያልቃል። አርብ ካለፈ ውሉ ይፈርሳል ብለውኛል መዝገብ ቤቶቹ።»

«ስንት ነው የሚፈልጉት?»

«ለማዛወሪያው አሥራ ሁለት፣ ለቦታ ለኪው አራት፣ ለጸሐፊና ለቴምብር ሦስት፣ ለእማኞቹ ምሳ ሦስት። ሰይድ ሃያ ሁለቱን ሞልቶ መጥቶ ነበር እኮ። ዝናቡ ሐረጎ ዳገት ላይ አግኝቶት፣ በስብሶ እደጄ ቆመ። በካሚዮን ተሳፍረህ አትመጣም ነበር ወይ ስለው፣ አንድ ብር ባወጣ ይጎድልብኛል አለ። መዝገብ ቤቱ ለካ በፈረንጅ በዓል ተዘግቷል። እደር ስለው፣ ሚስቴ ብቻዋን ናት ብሎ በዚያው ዝናብ ተመለሰ።»

 ጣይባ ጉንጯን ቧጠጠች።

«ወላሂ ቤቱንም ብሩንም ሊበሉ ነው የመጡት!» ብሎ በሺር ተነሳ። «የሟች ብር ለሟች ሰደቃ ነው!»

ጣይባ ኢዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ደሴ ሄዳ ልትከፍል አትችልም፤ በሺርም አይከፍልላትም። ያላት እኒህ የማታውቃቸው ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለቱ ብር ያለባትን ኮሮጆ በመጋረጃው ሥር አሾለከችላቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ይክፈሉልኝ።»

በሺር ምራቁን ተፍቶ ወጣ። ዘመድ ሁሉ ተከትሎት ወጣ።

በሰባተኛው ቀን ባቄላ ቀቅላ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ባሏን ለጭቃ ግድግዳ የሸጠች ተብላለች። ባቄላውን ብቻዋን በላችው፤ አንድ እፍኝ እንኳ አላለቀላትም። አርብ አለፈ፤ ቅዳሜም፣ እሁድም። በር ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች። ሽማግሌው የውሃ ሽታ ሆኑ። በሺር እውነቱን ይሆን እንዴ እያለች ትብሰለሰላለች።

ማክሰኞ አቶ በላቸው መጡ። ወረቀቱን ዘርግተው ማኅተሙን አሳዩዋት። «አለቀ ልጄ። ቤትሽ ቤትሽ ሆነ።»

ጣይባ ማንበብ አታውቅም። መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «የሳቸው ስም የቱ ጋ ነው?»

ሽማግሌው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ለሞተ ሰው አይዛወርም አሉኝ። ባንቺ አስጻፍኩት። ጣይባ ጀማሉዲን ይላል።»

«አንድ ቦታ እንኳ የለም?»

«የለም ልጄ።»

ሲሄዱ በሩን ዘጋችና ወረቀቱን ይዛ መሀል ቤቱ ላይ ቆመች። ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። ልጅ ቢኖራቸው የእገሌ አባት ትለው ነበር፤ ልጅም የላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እሳቸው» ስትል ኖራለች።

«ሰይድ» አለች ቀስ ብላ።



«ሰይድ!» አለች ጮክ ብላ፤ ወዲያው ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።