በልብስ መቆንጠጫ የተያዘ ድልድይ

ጠዋት ተነሳች፤ የሳሎኑን መስኮት ከፈተች፤ ለሻይ ውሃ ጣደች። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ያደሩበትን አንሶላ አጥባ ወደ ጓሮ ወጣች። አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ እጇን ወደ መቆንጠጫው ቅርጫት ሰደደች። ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ነፋሱ አንሶላውን ገፈፈና መሬት ላይ ዘረጋው።

የባሏ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«ይሄን የሚያህል ገመድ ዘርግታችሁ አንድ መቆንጠጫ የላችሁም?»

«ወንድምሽ ወስዷቸው ነው፣ እትዬ» አለች።

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ማታ ይመልሳቸዋል የምትል ይመስል ነበር። እትዬ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አንሶላውን ሰበሰበችና እንደገና ልታጥበው ገባች። ሰው ፊት አታለቅስም። የተማረች ሴት እንባዋ ሩቅ ነው እያሉ ለቀስተኞች ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ ይበሉ ብላ ትታዋለች።

መቆንጠጫዎቹ የት እንዳሉ ታውቅ ነበር። በኋለኛው ክፍል፣ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ የምታህል የእንጨት ድልድይ ነክሰው ይዘዋል። ድልድይዋን ባሏ ከዩኒቨርሲቲ ታቅፎ ያመጣት ነበር። ተማሪዎቹ ናቸው ለፈተና የሠሯት፤ አንድ መገጣጠሚያ ተሰንጥቆባቸው፣ የላቦራቶሪው ጣሪያ ደግሞ እያፈሰሰ ኮላው አልደርቅ ብሏቸው። ማታውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ለጠፋት። መቆንጠጫ ሲያልቅበት ገመዱ ላይ ካለው ልብስ እየነቀለ ወሰደ፤ የራሱ ሸሚዝ ጭቃ ላይ ወደቀ፤ እሷ ተቆጣች፤ እሱ አልሰማትም። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የኋለኛውን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ይዛለች።

ከረፋዱ ጀምሮ ቤቱ ሞላ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ይመጡ ነበር። አንዷ በቀጥታ ከሥራ ቦታ መጥታ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። አንዱ ግድብ ላይ እንደሚሠራ፣ ሌላው ባቡር መንገድ ላይ እንዳለ፣ የቦት ጫማዋ ባለቤት ደግሞ በየክረምቱ ልጆች ይወስድ የነበረ ወንዝ ላይ ድልድይ አስገንብታ መጨረሷን ሻይ እየጠጡ ያወሩ ነበር። ሁሉም ባሏን በተማሪነታቸው ባወጡለት ስም «ጋሽ ጠመኔ» ይሉታል። ማንም ተማሪ የሠራው ላይ ክብደት ከመጫኑ በፊት የት ላይ እንደሚሰበር በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበረበት፤ እሱም የራሱን ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ይጫናል፤ እስኪሰበርም ይጠበቃል።

እሷ ጥግ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ከኪሱ የጠመኔ ዱቄት ስታራግፍ፣ ያ ዱቄት የት የት እንደደረሰ አስባ አታውቅም። አሁን ሳሎኗ ውስጥ በተቀመጡት እጅ ሰው ስንት ወንዝ እንደሚሻገር ስታስብ ሻይዋ ሳትጠጣው እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ገብተው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አንዱን ባሏ «ሬዲዮ» እያለ ከሚያወራላት ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ ጠፍቶ የማያውቅ ሬዲዮ። ዛሬ ትንፍሽ አላለም። አጠገቡ ያለችው አጭር ልጅ በክርኗ ጎሰመችው። ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠራረገና መሬት መሬት አየ።

«ለድልድዩ ነው የመጣችሁት» አለች እሷ።

አጭሯ ልጅ ናት የነገረቻት። የፈተናው ቀን ነገ ነው። አንድ የድልድይ ሥራ ድርጅት ሰዎች መጥተው አይተው፣ ከተመራቂዎቹ ጥቂቶቹን ለተግባር ልምምድ ይወስዳሉ፤ ከልምምዱ ደህና የወጣ እዚያው ይቀጠራል። ትምህርት ክፍሉ ለሐዘኑ ብሎ ሊያራዝመው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ተመልሰው የሚመጡት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያኔ እነሱ ተመርቀው ተበትነዋል። ሌላ ድልድይ ለመሥራት ደግሞ ጊዜ የለም።

«ይሰበራል አይደል?» ስትል ጠየቀቻት።

ልጅቷ ጓደኛዋን አየት አደረገች። «አዎ። ካልተሰበረ አይቆጠርም።»

የባሏ እህት ከኋላ ሆና ትሰማ ኖሯል። «የወንድሜ እጅ መጨረሻ ያረፈበትን ነገር ልትሰብሩት? ምነው ልጆች፣ ሌላ እንጨት ጠፋ?»

ሬዲዮ ተነስቶ ለመሄድ አኮበኮበ። እሷ ግን ነገ በጠዋት ኑ አለቻቸው፤ እሰጣችኋለሁም አልሰጣችሁምም አላለችም።

እንግዳው ሲቀል የኋለኛውን ክፍል ከፍታ ገባች። የኮላ ሽታ ነበረው፤ ከባሏ ጋር ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ የምታውቀው ሽታ። ያኔ የታሪክ ተማሪ ነበረች። ከጓደኛዋ ጋር ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትሄድ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ጣቶቹ በኮላ የተጣበቁ ቀጭን ልጅ ከምህንድስናው ሕንፃ እየሮጠ ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ክብደትሽ ስንት ነው?»

ከዚህ በፊት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጓደኛዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልጁ እየተጣደፈ አስረዳ፤ የሚጫን ነገር አልቆባቸዋል፤ ድልድዩ አልሰበርም ብሏል፤ መምህሩ ለምሳ ሊወጣ ነው፤ ወፍራም ሰው ከወጣ አፈራርሶት ስብራቱ የት እንደጀመረ አይታይም፤ ቀለል ያለ ሰው ነው የሚፈለገው። ልትሰድበው እያሰበች ተከትላው ገባች። ሁለት ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ሥር፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብላ በተንጠለጠለች ሳንቃ ላይ ወጣች። ጣት የማያህሉ እንጨቶች የተጫነባቸውን ብረት ሁሉ፣ በዚያ ላይ እሷን ተሸከሙ። ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ነፍስ ያለው ነገር ይመስል ነበር።

«ይሰማሻል?» አላት በሹክሹክታ። «እየሠራ ነው።»

ሲሰበር በእግሯ አረፈች። እሱ ወደ እሷ አልሮጠም፤ ወደ ስብራቱ ነው የሮጠው። የጠመኔ ምልክቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ተሳስቷል፤ እሱ ግን ሽልማት እንደደረሰው ሰው ይስቅ ነበር። ተጎዳሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ቆይቶ ነው። ትዳራቸውን ሁሉ እንደዚያው ነበር። አንድ ተማሪ የበለጠው ቀን በር ሳይከፍት ሳቁ ይሰማል፤ «በላችኝ!» ወይም «በላኝ!» እያለ ይገባል፤ ያን ቀን ወጡ ቢያር እንኳ አይታወቀውም።

በማግስቱ ሁለቱ ተማሪዎች ሲመጡ የኋለኛው ክፍል ተከፍቶ ጠበቃቸው። አጭሯ ልጅ መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ሳህን ውስጥ አደረገች። የመጨረሻው ሲነሳ ድልድይዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጅቷ ቀስ አድርጋ ገለበጠቻት። ከሥሯ፣ አዲስ የተለጠፈው መገጣጠሚያ ላይ አንድ የጠመኔ ጭረት፤ መሀሉ አካባቢ ደግሞ ሌላ።

«ይሄ የጋሼ ነው» አለች ልጅቷ። «ይሄኛው የኔ። ወደ ቤት ሳይወስዷት የት እንደምትሰበር ተከራክረናል። እኔ የምለጥፈው አይይዝም አሉኝ፤ በእርስዎ እጅ ከሆነማ ይይዛል አልኳቸው።»

ሴትየዋ ጣቷን ወደ ባሏ ምልክት አስጠግታ ሳትነካው መለሰች። ከዚያ እኔም እመጣለሁ አለች። እትዬ ሰው ምን ይላል ስትላት ጥቁር ሻርፗን አስተካክላ፣ «ይበሉ፣ እትዬ። አንቺም ነይ» አለቻት። እትዬ እያጉረመረመች ጫማዋን ፈለገች።

ላቦራቶሪው በተማሪ ተሞልቶ ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ያቺ የቦት ጫማዋ መሐንዲስ ከመሀላቸው ነበረች። ድልድይዋ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ተዘረጋች፤ ከሥሯ ባልዲ ተንጠለጠለ። ሬዲዮ አሸዋ ማፍሰስ ጀመረ። ከአንድ ዳቦ የማትከብድ ድልድይ የሞላ ባልዲ ያዘች፤ ሁለተኛ ባልዲ ጨመሩባት፤ እሱንም ያዘች። ወሬው እየሞተ ሄደ። ሦስተኛው ሲንጠለጠል አሸዋው ባልዲው ላይ ሲወርድ ከሚሰማው ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። እትዬ ሳታውቀው የወንድሟን ሚስት እጅ ጨብጣለች። «ይሄን ሁሉ?» አለች ቀስ ብላ። «በዚያች ስንጥር?»

አጭሯ ልጅ አሸዋ መጨለፊያውን ከሬዲዮ ተቀብላ ወደ ሴትየዋ ዘረጋችው። መጨረሻ ላይ የሚያፈሰው ጋሽ ጠመኔ እንደነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሴትየዋ ተነስታ ተቀበለች። በግራ እጇ ድልድይዋን ዳበሰች፤ ያ የድሮው መንቀጥቀጥ ጣቷ ላይ መጣ። እየሠራች ነበር። ሴትየዋ አሸዋውን እሱ እንደሚያፈሰው፣ ወጥ ላይ ጨው እንደሚጥል ሰው አፈሰሰች።

ድልድይዋ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

ልጅቷ ተንበርክካ ስብራቱን አየች። እሱ የለጠፈው መገጣጠሚያ እንደያዘ ነበር። የተሰበረው መሀሉ ላይ፣ በልጅቷ ጭረት ላይ ነው። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«በላሽው፣ የኔ ልጅ» አለቻት ሴትየዋ።

መሐንዲሷ መጥታ የተሰበረውን እንጨት አነሳች፤ ጭረቱን አየች፤ ሁለቱን ልጆች መቼ መጀመር እንደሚችሉ ጠየቀቻቸው። ድምፁ የተመለሰለት ሬዲዮ ነው።

«ዛሬም ይቻላል።»

ቤት ሲመለሱ ነፋሱ እንዳለ ነበር። ሴትየዋ የታጠቡትን፣ አንሶላውንና ጭቃ ላይ ወድቆ የነበረውን የባሏን ሸሚዝ ይዛ ጓሮ ወጣች። መቆንጠጫዎቹን ከሳህኑ እያነሳች ሰቀለች። አንዱ ጥርሱ ላይ የደረቀ የኮላ ጠብታ ነበረው። ልትፍቀው ጥፍሯን አስጠጋችና ተወችው፤ በእሱ የሸሚዙን እጅጌ ከገመዱ ጋር ያዘችው። የተረፉትን ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረች። መቆንጠጫዎቹ ሁሉ ተመልሰዋል። የሚወስዳቸው ሰው የለም።