ያልተጠየቀው ድንጋይ

የጎንደሩ ውድድር በተቃረበ ቁጥር አሰልጣኝ ቢራራ እንቅልፍ አጣ። በደባርቅ ከሚያሠለጥናቸው ወጣቶች መካከል በጦር ውርወራ ሕሊናን የሚስተካከል አልነበረም፤ ነገር ግን ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ቀኝ ክርኗን ያማት ነበር። ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ጅማቷ ከተጎዳ ኋላ እንስራ ማንሣት እንኳ እንደሚያቅታት ያውቃልና ልምምዷን በግማሽ ቀነሰ፤ ቆይቶም ፈጽሞ ከለከላት። ሕመሙ ግን ባሰ።

«ተደብቀሽ ጦር ትወረውሪያለሽ?» አላት አንድ ቀን፣ ክርኗን በጣቱ እየዳሰሰ።

«ማርያምን፣ ጦርስ አልነካሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህ እብጠት ከሰማይ ወረደ?»

 ዐይኗ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር።

ቢራራ ሊያምናት ፈለገ፤ አልቻለም። ሲቁነጠነጥ ዋለ፣ ሲገላበጥ አደረ፤ በማግስቱ ማለዳ ወደ መንደሯ ወጣ። መንደሩ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ገብሱ ደርሶ ነጥቷል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ካደሩበት ገደል እየወጡ ወደ ማሳው ይጎርፋሉ። ሕሊና በማሳው መካከል ከተተከለው ማማ ላይ ቆማ ወንጭፏን ታሽከረክራለች። ድንጋዩ እያፏጨ ሄደ፤ መንጋው ሸሸ፤ ወዲያውም ተመለሰ። ደግማ ወነጨፈች። በወነጨፈች ቁጥር ክርኗን በግራ እጇ ትደግፍ ነበር።

ከማማው ሥር አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ድንጋይ ይለቅሙላታል።

«መሪጌታ! እኔ በሜዳ የቆጠብሁትን ክንድ እርስዎ እዚህ ይጨርሱታል?»

«ምን ብለህ ጠየቅሃት?» አሉ መሪጌታ ቀና ሳይሉ።

«ጦር ትወረውሪያለሽ ወይ አልኋት።»

መሪጌታ ሣቁ። «እንግዲያስ ልጄ አልዋሸችም። ተሳቢው ጦር ከሆነ ስለ ድንጋይ ማን ይመልስልሃል? ቅኔ ቤት ገብተህ ቢሆን በዚህ ጥያቄህ ትባረር ነበር።»

«ይሣቁ! ጅማቷ ሲበጠስ ሰዋስው ይጠግንላታል?»

ሣቁ ከመሪጌታ ፊት ጠፋ። ወደ ማማው ቀና ብለው፣ «ያምሻል እንዴ?» አሉ።

«ጥቂት።»

«ጥቂት ማለት ምን ያህል?»

ክርኗን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። ቃልን ጠብቆ እውነትን መሸሸግ ከሐሰት የሚሻል ነገር የለውም፤ ይሁን እንጂ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አልነበረም። አሰልጣኙ ክንዷን ለሜዳው፣ አባቷ ለማሳው፣ እርሷ ለሁለቱም ይፈልጉት ነበር፤ ክንዱ ግን አንድ ነው።

«የእኔ ትከሻ አልታዘዝ ካለኝ ቆይቷል» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ ልጅ የለኝ። ገብሱ ከተበላ ምን እንሆናለን?»

«ውረጂ፣ ሕሊና» አለ ቢራራ። «ጎንደር አትሄጂም። ገብሱ እስኪታጨድም ጠዋት ጠዋት ማማው የእኔ ነው።»

ወረደች።  «ዓመት ሙሉ የደከምሁበትን?»

«ለከርሞም እንድትደክሚበት ነው።»

«በእርስዎ ቤት እኔን ማዳንዎ ነው!»

ቢራራ ወንጭፉን ከእጇ ወሰደ። ማማው ላይ ወጥቶ ወነጨፈ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የመሪጌታን ቤት ቆርቆሮ መታ።

«ምነው ልጄ፣ ቤቴን ጭላዳ አስመሰልኸው?» አሉ መሪጌታ።

ሕሊና አልሣቀችም። ሥራ መፍታት የማያውቁት ጣቶቿ ይጨበጣሉ፣ ይዘረጋሉ። መንጋው የአዲሱን ጠባቂ አቅም የተረዳ ይመስል በዝግታ ቀረበ፤ አንድ ጎፈሬያም ወንድ ጭላዳ የገብሱን ዛላ ይቀጥፍ ጀመር። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች። ቢራራ ከላይ ሆኖ አያት። ክንዷ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ በዚያው ቆመ።

ከዚያም ድንጋዩን ጣለችው፤ ቀኝ እጇን በመቀነቷ ውስጥ አጥብቃ ሸጎጠችና እየጮኸች ወደ መንጋው ሮጠች።