የደበዘዘ ደረሰኝ የሚያነበው ማሽን

በሉቱሊ ጎዳና ስካነር መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ገበያተኛ ሁሉ «ጥሩውን አሳዪኝ» ይላል። መጥፎውን ካልሰጠሽኝ ብሎ ድርቅ ያለብኝ ሙልዋ ብቻ ነው።

ከማቻኮስ ከተማ የመጣው ከሚስቱ ጋር ነበር። እዚያ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ሚስቱ ማማ ሙቴው አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባልኝ ማሽን ፈልጊልኝ። ግብር ሰብሳቢው አሳዩኝ ሲል ወረቀቱ ባዶ ሆኖ እየተገኘ ተቸገርን።»

እውነቷን ነው። የደረሰኝ ወረቀት በሙቀት ስለሚታተም ጥቂት ወር ሳይቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። ሦስት ዓይነት አወጣሁላት። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ወረቀት አንድ በአንድ እየከደኑ ነው የሚሠሩበት። ሁለተኛው እንደ እስክሪብቶ በእጅ ይጎተታል። ሦስተኛው እኔ «ጎራሹ» የምለው ነው፤ ሠላሳ ደረሰኝ ባንድ ጊዜ ይውጣል፣ ዓይን የማያየውን የደበዘዘ ጽሑፍም አውጥቶ ያነባል።

«በቃ፣ ጎራሹን» አለች።

«ምን ያደርግልናል?» አለ ሙልዋ። «የጠፋ ጽሑፍ ጠፋ። ጠፍጣፋውን ስጪን።»

«አባቴ፣ በሱማ ይኼን ካርቶን ሳይጨርሱ የገና በዓል ይደርሳል።»

«ይድረስ። ማን አስቸኮለን?»

ማማ ሙቴው ዞር ብላ አየችውና በልጃቸው ስም ጠራችው። «ባባ ሙቴው፣ መንገድ ላይ ፈጣኑን ነው የምንገዛው ስትለኝ አልነበር እንዴ?» አለችና ከክምሩ ውስጥ አንድ ነጭ የሆነ ደረሰኝ መዘዘች። «በይ፣ በዚህ ሞክሪልኝ።»

«እሱ ቆሻሻ ነው» ብሎ እጁን ሰደደ። እኔ ቀደምኩት። ሰው ማሽኔን ሲፈራ ሥራዬን በጣም እወደዋለሁ።

ጎራሹ ዋጠው። ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣው ወደ እኔ በዞረው ስክሪን ላይ ነበር። የፍየል ጥብስ፣ ሁለት ኪሎ። ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎ፣ አንድ። ሙልዋ በዓይኑ ለመነኝ። ልራራለት ይገባኝ ነበር፤ ስክሪኑን አዞርኩት።

ማማ ሙቴው ቀስ ብላ አነበበች። «ስምንት ወር» አለች።

ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ሐኪሙ በሪህ ምክንያት ሥጋ ከከለከለው ስምንት ወሩ ነው። እሷም እንዳያምረው ብላ አብራው ትታለች፤ ቤታቸው ሥጋ አልገባም።

«የኔ አይደለም» አለ።

«ፒኑስ?»

ግርጌው ላይ የሙልዋ የግብር ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እኛ ዘንድ ሒሳብ ሲከፈል ገንዘብ ተቀባይዋ «ፒን?» ትላለች፤ ያለሱ ደረሰኙ ለግብር አይረባም። የነጋዴ አፍ ደግሞ ሳያስብ ነው የሚመልሰው። ሙልዋም ጮማው ከከንፈሩ ሳይደርቅ ቁጥሩን ዘርዝሯል።

«እሺ፣ ደረሰኙ የኔ ነው። ሥጋውን ግን አልበላሁም፣ እንግዳ ጋብዤ ነው።»

«ማንን?»

ደረሰኞቹን ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመረ።

«ማናት?» አለች።

ላብ አጠመቀው። «ምን ማናት ትያለሽ፣ ማንም የለችም። ብቻዬን ነው የበላሁት።»

«ሁለት ኪሎ?»

«አጥንት ይበዛዋል።»

ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ አንድ ሰው ሁለት ኪሎ ይበላል?»

«ኡጋሊው አንድ ነው፣ እማማ» አልኳት። «ለሁለት ቢሆን ሁለት ይታዘዝ ነበር።»

«አየሽ? አንድ ኡጋሊ ነው» አለ ሙልዋ፣ ሆዳምነቱን በኩራት እየመሰከረ። «ሁሉንም እኔ ነኝ የጨረስኩት። ከፈለግሽ አስተናጋጁን ጠይቂው።»

ማማ ሙቴው ግን ቀኑን እያየች ነበር። «ሐሙስ ነው። እያነከስክ የገባህ ዕለት። ከማታቱ ታክሲ ስወርድ ወለም አለኝ ብለህ እግርህን በሞቀ ውሃ ያሸሁህ።» ድምጿ ወረደ። «እኔኮ ጎመን አልወድም። ላንተ እግር ብዬ ነው የምበላው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሳቄ ጠፋ፤ አሳዘኑኝ፣ ሁለቱም።

ጎራሹን ገዙ። ከመውጣታቸው በፊት ማማ ሙቴው ወደ ስክሪኑ ተጠግታ «የምግብ ቤቱ አድራሻ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ አሳየኋት።

በማግስቱ መስጠት የረሳሁትን የማሽኑን ገመድ ልትወስድ ብቻዋን መጣች። ፊቷ ወዝቷል። ከቦርሳዋ አዲስ ደረሰኝ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቀለሙ ስላልደበዘዘ ማሽን አላስፈለገኝም። የፍየል ጎድን ጥብስ፣ አንድ ኪሎ። ኡጋሊ፣ ሁለት። ጎመን፣ አንድ ሳህን። ከግርጌው ያው የሙልዋ ፒን።

«ጎመኑን ማን በላው?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

«ከፋዩ» አለች።