ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ሁለት

ኳሷ መረቡን ነካች፣ ጥቂት አመነታች፣ ከዚያ ወደ መቺዋ እግር ተመለሰች፤ ሩቅ ወስደው ቢጥሏትም ቤቷን እንደማትስት ድመት።

«ወጥታለች» አሉ ተጋጣሚዋ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ዳኛ፣ ከመረቡ ማዶ።

መረቡን ያላለፈች ኳስ እንዴት ልትወጣ እንደቻለች የጠየቃቸው የለም። ሰውየው ጡረታ የወጡት ከወንበሩ እንጂ ከፍርዱ አልነበረም። ከጎናቸው የቆሙት ሚስታቸው እንኳ ይግባኝ ማለት ከተዉ ቆይተዋል።

ማይክ ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሳች። ቀዳዳዋ የበዛ ቀላል ፕላስቲክ ናት፤ በአንዱ ቀዳዳ ቢያዩ በሌላው ሰማይ ይታያል። ባለፈው በጋ ይህችው ኳስ ያዘዘቻት ቦታ ትሄድላት ነበር። ቴኒስ መሰሉ ፒክልቦል በሚጫወቱበት የሰፈሩ ሜዳ የማይክን ሰርቭ፣ የመክፈቻ ምቷን፣ መመለስ ያኮራ ነበር። አሁን ሰርቯ ራሱ ይመለሳል።

«አይዞሽ እትዬ» አለች የባሏ እህት፣ ፊቷን ሳታዞር። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ቀለም ያቃጠለው ጸጉር ይዘው ለሚመጡ ሴቶችም የምትለው ይህንኑ ነው። ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ግን ሌላም ብላ ነበር።

«ዛሬም ካልቀናን ለከተማው ውድድር አንቺን ትቼ ከሰፈራችን ጥርስ ሐኪም ጋር ነው የምሰለፈው። ክፋት እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም» አለች ማይክ። መስሏት ነበር።

ምክር እንደሆነ ከየአቅጣጫው ዘንቦባታል። ባሏ ጫማ ቀይሪ አላት፤ ቀየረች፤ በአዲስ ጫማ ተሸነፈች። የባሏ እህት ዐይንሽን ከኳሷ አትንቀይ አለቻት፤ ኳሷ አጥር ስትዘል አንድም ጊዜ ሳያመልጣት አየች። ዳኛው ደግሞ የእጅ አንጓዋን ጥፋተኛ ብለው ፈርደውባታል። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርስ ማን ያምናታል?

ከሜዳው ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ማዶ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ነበር። ማይክ የሚለውን ስም ያወጡላት እዚያ ያሉት ናቸው፤ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ የምትጠራው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ኃላፊው ዝግ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እያስነበበ ድምፅዋን ቀዳ። «ለምናልባቱ ነው፤ ታመሽ የቀረሽ ቀን እንዳንቸገር» አላት። እሷም ከልቧ አነበበች። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታት እንኳ ይዟት አያውቅም፤ ሆኖም በየቀኑ እንደታመመች ተቆጠረች። እሷን የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስገቧት፤ ድምፅዋ ያለ እሷ ሥራ ቀጠለ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ጨዋታ ደግሞ ሰርቭ የሚመታ ሰው ሳይናገር አይመታም። ሦስት ቁጥር መጥራት አለበት፦ የራሱን ወገን ነጥብ፣ የተጋጣሚውን ነጥብ፣ ከጥንዱ ስንተኛው መቺ እንደሆነ። እስኪጠራ ድረስ ሁሉም አፉን ያያል። ማይክ ጨዋታውን የወደደችው ለዚህ ነበር። አሁን ግን አፏን ልትከፍት ስትል ከአጥሩ ማዶ የገዛ ድምፅዋ ይቀድማታል፤ ብትጠብቀው ክንዷ ይደነዝዛል፣ ብትቀድመው ቁጥሩን ትውጠውና ኳሷን ታባርራለች።

ዘጠኝ ለዐሥር ደረሱ፤ ዳኛውና ሚስታቸው ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራቸው። የባሏ እህት ሰርቯን ስታበላሽ ተራው ለሁለተኛዋ መቺ፣ ለማይክ ደረሰ። ይህን ከሳተች የመምታት ተራው ወደ ዳኛው ይሻገራል፤ የሚቀጥለውን ጥርስ ሐኪሙ ያውቃል።

ኳሷን ከፍ አደረገች። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«መንገደኞች። ቁጥር። ሰባት። በር። አራት።»

ማይክ ራኬቷን ጭኗ ላይ መታች። «ሰባት» መንገድ እንደጠፋበት ሰው እየጠየቀ ይሄዳል። «አራት»ን ስታነብ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ውሃ ይለምናል። ያልተገጣጠመ ነገር፣ ከየትም ተለቃቅሞ የተሰፋ ቁራጭ፣ በእሷ ስም ሕዝብ ያሳፍራል።

«እንዲህ አይባልም» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ዳኛው።

ማይክ እግሯን አደላደለች፣ ደረቷን ትታ ከሆዷ አየር ሳበች፤ ከዚያ እንደ ድሮዋ፣ ሳትጮህ ግን እስከ መጨረሻው አግዳሚ እንዲደርስ አድርጋ፣ ጠራች።

«ዘጠኝ። ዐሥር። ሁለት።»

እጇ ድምፅዋን ተከትሎ ሄደ። ኳሷ መረቡን ዝቅ ብላ አለፈችና በዳኛው ጥግ ላይ ነጥራ ወደ ውጭ ተንሸራተተች። ዳኛው አልነኳትም። ዳኛው የሚያዩት ሌላ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ መንገደኞቹ ተነሥተው ነበር። የአውቶቡስ ቁጥር ዘጠኝም የቁጥር ዐሥርም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው፣ የተኛውን ቀስቅሰው፣ ወደ በር ሁለት ይጎርፋሉ። በሩ ግን ዝግ ነው። አንዲት ሴት ጥቅሏን አቅፋ ወደ ሽቦው ተጠጋች።

«እህቴ፣ ዘጠኝ በሁለት ነው ያልሽው?»

የባሏ እህት ሳቋ አፍኗት ጎኗን ያዘች። ቦታ ሊቀያየሩ ሲተላለፉ «ይሄን ደሞ ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

«ከጠፉ ዕቃዎች ክፍል።»

ዳኛው መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ እንደገና መስመሩን።

«ገብታለች» አሉ በመጨረሻ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሞክር ሰው።

ዐሥር ለዐሥር። ማይክ ኳሷን አነሳች። ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል። በአጥሩ ወዲህ ሦስት ሰው፣ በአጥሩ ወዲያ ሻንጣ ያንጠለጠለ ሕዝብ፣ ሁሉም አፏን ያያል። የሚቀጥለውን፣ «ዐሥር፣ ዐሥር፣ ሁለት»ን፣ ብትጠራ እነዚህን ሰዎች ከበር ሁለት የሚያነቃንቃቸው እንደማይኖር ታውቃለች። ጨዋታው ደግሞ ሳይጠራ አይመታም።

አየር ሳበች።