የምታምጠው መኪና

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ያን ዕለት ጠዋት ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋ ወደ በሩ የሮጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአዋላጇ መኪና ከአስፋልቱ ወደ ግቢው ስትታጠፍ ከበስተኋላዋ ረዘም ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ የማቃሰት ድምፅ አሰማች። ዘበኛው አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት ከመንገድ አንስታ ያመጣች መሰለው። በሩን በርግዶ፣ አልጋውን አስጠግቶ፣ "አይዞሽ እናቴ፣ ደርሰሻል" እያለ የመኪናዋን በር ሲከፍት ውስጥ ያገኘው አዋላጇን ብቻ ነው፤ ቦርሳዋንና የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች።

"ምጥ የያዛትስ?" አላት።

"መኪናዋ ናት" አለችው።

ዘበኛው ትንሽ አሰብ አደረገና "ስንተኛ ወሯ ነው?" ብሎ ጠየቃት ይባላል። ይባላል የምለው እዚያ ስላልነበርኩ ነው። የነገረችኝ ራሷ አዋላጇ፣ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ግን የጤና ጣቢያው ሰው ባገኛት ቁጥር "ተገላገለች ወይ?" እያለ ሲጠይቃት ሳቁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ።

እትዬ ነው የምንላት፣ ባሌም እኔም። ሃምሳን ዘላለች። እኩዮቿ ወገቤን፣ ጉልበቴን ማለት ሲጀምሩ እሷ ወገብና ጉልበት አጥፎ የሚያስገባ መኪና ገዛች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት የስፖርት መኪና። አዲስ አይደለችም፤ ሌላ ሰው ወጣትነቱን ጨርሶባት የሸጣት ናት። እትዬ ግን የራሷን ልትጀምርባት ገዛቻት።

ባሌ ደግሞ መኪና መንዳት ያስተምራል። ሰፈሩ ያወጣለት ስም "ቀስበል" ነው፤ ከአፉ የማይለየው ቃል እሱ ስለሆነ። ተማሪው ቢፈጥን ቀስ በል፣ ቢዘገይም ቀስ በል። እኔንም ሾርባ ስጠጣ ይለኛል። ድሮ እትዬንም ሊያስተምራት ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ትምህርት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቁልፉን ገና ሳታዞር "ቀስ በይ" አላት። እሷም በሩን ከፍታ ወረደች፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች፣ በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ተፎካካሪው ዘንድ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ስለ ሁሉም ነገር ያወሩ ነበር፤ ስለ መንዳት ግን አያወሩም።

መኪናዋን የገዛች ጊዜ ባሌ አንድ ጊዜ ዞራትና "ይሄ ጫማ ነው እንጂ መኪና አይደለም" ብሎ ወደ ቤት ገባ። እስከዚህ ታሪክ ድረስም ገብቶባት አያውቅም ነበር። ና ልሸኝህ ስትለው ጉልበቴ አይታጠፍም ይል ነበር። ሲብስበት "ልጆች አሉኝ" ይላል። ልጆቻችን ሁሉም አግብተው የራሳቸውን ቤት ይዘዋል።

ታዲያ የዘበኛውን ወሬ ይዛልን የመጣች ዕለት፣ ምሳ ላይ፣ ባሌ እህቱን ለማስተማር ሲጠብቀው የቆየ ዕድል በር ላይ የቆመለት መሰለው። ሁለት ሹካና የጨው ዕቃ ሰብስቦ ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ አስረዳን፤ ሹካዎቹ የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ የጨው ዕቃው በመሀላቸው ተቀምጦ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱም የሚያካፍል ጥርስ ያለው ሳጥን ነው።

"እሱ ነው የሚያቃስተው" አለ። "አልቆለታል ማለት ነው። እንዳለ አውጥቶ መጣል ነው። አለዚያ መኪናውን ሸጠሽ ወንበሩ ከፍ ያለ፣ ለዕድሜሽ የሚስማማ..."

"ዕድሜዬን ከአፍህ አውጣ" አለችው እትዬ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ ከመኪና አይርቅም፤ የኔም የስፌት መኪና ነው። "የኔ መኪና ሲያንቋርር ዘይት ጠብ አደርግለታለሁ፣ ዝም ይላል" አልኩ። "መጀመሪያ ዘይቱን ብትቀይሩትስ?"

ባሌ በአዘኔታ አየኝ። "ያንቺ መኪና አይታጠፍም" አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሦስታችንም ጋራዥ ሄድን፤ እትዬ በመኪናዋ፣ እኔና ባሌ በታክሲ። መካኒኩን ሰው ሹክሹክ ይለዋል። የድምፁ ነገር ነው፤ መዶሻና ሞተር በሚጮህበት ቤት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እሱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋራዡ ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ወደሱ ያዘነብላል። ሦስቱንም ልጆቹን የተቀበለቻቸው እትዬ ስለሆነች ሲያያት እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁንም በሌላ ጨርቅ ጠርጎ ነው የጨበጣት።

"መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘው በዝግታ ያዙሯት እስቲ" አላት።

እትዬ አዞረች። መኪናዋ አቃሰተች። ጎረቤት ካለው ሱቅ አንዲት ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች።

ሹክሹክ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ አስደግፎ፣ ከሥሯ ገባ። ባሌም፣ ጉልበቴ አይታጠፍም ያለው ሰውዬ፣ በአራት እግሩ ተንበርክኮ አንገቱን ከሥር አስገባ። መካኒኩ መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን የላይኛ ቡሎን ሲፈታ ባሌን አላስቻለውም።

"ዘይቱ የሚወጣው በታች ነው እኮ" አለው።

"የምሞላበትን ሳላረጋግጥ የማፈስበትን አልከፍትም" አለ ሹክሹክ። "አፍስሼ ስጨርስ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢለኝ፣ ባዶ መኪና ታቅፌ ልቀር ነው።"

አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን ሶፋ ሸጦ ወር ሙሉ ምንጣፍ ላይ ያስቀመጠኝ ባሌ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ አላየም።

የታችኛው ሲከፈት የወረደው ዘይት ጥቁርና ቀጭን ነበር፤ የከረመ እንቁላል ይሸታል። የቡሎኑ ጫፍ ማግኔት አለው። ሹክሹክ እዚያ ላይ የተጠራቀመውን ጭቃ የመሰለ ነገር በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ለእትዬ አሳያት።

"ስባሪ የለበትም። ልስልስ ያለ ነው። ጥርሶቹ ደህና ናቸው፤ ያረጀው ዘይቱ ነው" አላት። ከዚያም አብራራ፤ እንዲህ ባለ የስፖርት መኪና ዲፈረንሻል ውስጥ ሳስ ያሉ ሳህኖች ተደራርበው አሉ። በቀጥታ መንገድ ተቆላልፈው ሁለቱም ጎማ እኩል እንዲስብ ያደርጋሉ። መታጠፊያ ላይ ግን አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለበት። ዘይቱ ሲያረጅ መንሸራተቱን ትተው ይያያዛሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ይያያዛሉ። ማቃሰቱ እሱ ነው።

"ስለዚህ ዘይት ብቻ ይበቃታል" አለ ባሌ፣ ከመጀመሪያውም ያለው ይህንን እንደሆነ ሁሉ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ አልተከራከርኩም። ማለቴ፣ ብዙ አልተከራከርኩም።

ሹክሹክ አዲሱን ዘይት በእጅ ፓምፕ ሞላ። ከሱ ጋር ከትንሽ ጠርሙስ ለሳህኖቹ ማለስለሻ የሚሆን ሌላ ዘይት ጨመረበት። ከላይኛው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ቆመ፣ ቡሎኑን አጠበቀ፣ ጠረገ፣ መኪናዋን አወረደ። እትዬ ገባች፣ አስነሳች፣ ከጋራዡ በር ስትወጣ ወደ ግራ ታጠፈች።

መኪናዋ አቃሰተች።

ባሌ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። "አላልኩም?" አለ።

ሹክሹክ አፉን ከፈተ፣ ሁላችንም አዘነበልን። "ገና ነው። ዘይቱ በሳህኖቹ መሀል መግባት አለበት። ሰፊ ቦታ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ማዞር ነው፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ግን በጣም በዝግታ። በእግሩ የሚሄድ ሰው አብሯችሁ መሄድ እስኪችል ድረስ።"

ከጋራዡ ጀርባ የመጋዘኖች ሜዳ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የጭነት መኪኖቹ ከአንድ ጥግ በቀር ለቀውት ይሄዳሉ። እዚያ ሄድን። እትዬ ጀመረች። እትዬ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሮጥ የኖረች ሰው ናት፤ ቀስ ማለት በእግሯ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ስምንት ጠጠር አስነስቶ የሹክሹክን ኮፍያ አገኘው። ሁለተኛው ከስምንት ይልቅ ወደ ዜሮ ያደላ ነበር። መኪናዋ ታቃስታለች፣ እትዬም ውስጥ ሆና ታጉረመርማለች።

በመጨረሻ አቆመች። ወጣች። ከዚያ መኪና መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ተስፋ። ቀጥ ብላ ወደ ወንድሟ መጣችና ቁልፉን ዘረጋችለት።

"ካንተ በላይ ቀስ የሚል ሰው እናቱ አልወለደችውም" አለችው። "ንዳ።"

"እኔ እንኳ ጉልበቴ..." አለ።

"ልጆችም አሉት" አልኩ እኔ።

ቁልፉን አየው። ሹክሹክን አየው፤ ሹክሹክ ኮፍያውን እያራገፈ ነበር። ከዚያ ወሰደውና ሄዶ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ከጠበቀው በታች ስለወረደ ፊቱ ላይ የአንድ አፍታ ድንጋጤ አየሁ። እትዬ ከጎኑ ገባች። መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ፣ እኔም በተባለው ዝግታ መሠረት በእግሬ አጠገባቸው እሄድ ስለነበር ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ የሰማሁት።

ነዳጁን ነካ ሲያደርግ መኪናዋ ዘለል አለች። ፍሬን ያዘ። እንደገና ነካ፣ እንደገና ያዘ። ሌላውን ሁሉ ቀስ በል የሚለው ባሌ መሪውን ጉድጓድ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰው ጨምድዶ ይዟል። እትዬ ያኔ የሥራ ድምፅዋን አወጣች። እኔ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ልጆቼን ስወልድ ሰምቼዋለሁ።

"ትከሻህን ጣል" አለችው። "ተንፍስ። በአፍንጫህ አስገባ፣ በአፍህ አውጣ። ገና ነው፣ አትግፋ። ራሷ ትሂድ።"

ተነፈሰ። መኪናዋ በራሷ መንቀሳቀስ ጀመረች።

"ጎሽ። እንዲህ ነው። አሁንም አትግፋ።"

የመጀመሪያው ዙር ላይ ማቃሰቱ እንደነበረ ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ አጠር አለ። ከዚያ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ድምፅ ሆነ፤ ከዚያም በግራ በኩል ሲታጠፉ ብቻ የሚሰማ። ወዲያው ደግሞ ከጎማው ሥር ካለው ጠጠርና ከኔ ጫማ በቀር ምንም አልሰማሁም።

"ዝም አለች" አለ ባሌ፣ በሹክሹክ ድምፅ።

"ዝም አለች" አለች እትዬ።

ማቆም ይችል ነበር። አንድ ስምንት ጨመረ። ሌላም ጨመረ። ሹክሹክ ከዳር ሆኖ "ይበቃል" አለ፤ እንደተለመደው የሰማው የለም። እኔም አብሬ መዞሩ ስለሰለቸኝ ወደ ዳር ወጣሁ። እትዬ ወደ ሜዳው ማዶ፣ ወደ ረጅሙ ቀጥ ያለ መውጫ አየችና "በል አሁን ግፋ" ስትለው ሰማሁ።

ገፋ። አቧራው ሲሰክን ባል የለኝም።

እኔና ሹክሹክ ቆመን የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲቀጥንና ሲመለስ አዳመጥን። "ዘይቱን ቀይሩ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"እትዬ ናት። ገና ስትገባ ነገረችኝ።"

ሲመለሱ የባሌ ጥቂት ፀጉር ቆሞ ነበር። ወዲያው አልወጣም፤ እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ትንሽ ተቀመጠ። እንዴት ናት ብዬ ብጠይቀው "ማርሿ ደህና ነው" ብቻ አለኝ። ከዚያ ቦታውን ለእህቱ ለቀቀና ሂሳብ እስክንጨርስ እዚያ ጋ አቁሚያት ብሎ በሁለት የጭነት መኪኖች መሀል ያለ ክፍት ቦታ አሳያት።

እትዬ ቦታውን አለፈችው። ሜዳውን ሙሉ ዞራ ተመለሰች። እንደገና አለፈችው።

"ኋላ ማርሽ አስገብተሽ ግቢ እንጂ" አላት።

መኪናዋን አቁማ ወደ ፊት እያየች መለሰችለት። "ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ወደ ኋላ መንዳት በደንብ አላስተማረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ይሄን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊት የሚገባበት ቦታ እየፈለግሁ ነው የምዞረው።"

ባሌ አፉን ከፈተ። የሚላትን ነገር አውቀዋለሁ፤ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመው ነው። ክርኑን ለመቆንጠጥ እጄን አዘጋጀሁ። እሱ ግን አፉን መልሶ ዘጋ፤ ሹክሹክን አየ፣ መሬቱን አየ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለኝም" አላት። "ነይ።"

አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች። እኔ በመስኮቱ አጠገብ እየሰፋሁ አያቸዋለሁ። ባሌ ከስፌት ክፍሌ የደንበኞቼን ወንበሮች አውጥቶ በመንገዱ ዳር ይደረድራል፤ እነሱ የቆሙ መኪኖች መሆናቸው ነው። እትዬ አንገቷን አዙራ፣ ምላሷን ነክሳ ወደ ኋላ ትገባለች። ባሌ በእጁ ምልክት እያሳየ በጎን ይሄዳል፣ በጣም ሲጨንቀው ከንፈሩን ይነክሳል እንጂ አይናገርም። ባለፈው ሲጨርሱ ወንበሮቹን ራሱ ሰብስቦ፣ በሥርዓት አስገብቶ፣ ዛሬ ጎበዝ ነበረች ብሎኝ ወጣ። ከሰዓት አንዲት ደንበኛዬ ልትለካ መጥታ ስትቀመጥ ወንበሩ ሦስት እግር ብቻ እንዳለው ታወቀ። ሁለቱንም ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ስለ አየሩ ጠባይ አወሩኝ።